«ይገደል» ያለው የቴሌቪዥን ሰባኪና የሙጋዷ ጎረቤት

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከደሴ፣ ከሙጋድ ነው። ባለፈው ሳምንት በቅሬያችን (በዕድራችን) የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ፓስተር ቴሌቪዥን ላይ ቁጭ ብሎ የሌላ አገር ፕሬዚዳንት ይገደል ይላል። ከሥሩ በአማርኛ ‹የአሜሪካ ፓስተር ትናንት፦ እግዚአብሔር ግደሉት ብሎኛል› ተብሎ ተጽፎበታል። ግሩፑ ታመሰ። ከእኛ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ በቅሬ የኖሩ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ጎረቤት አሉን። ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲያዞሩ አንድ ወጣት ‹የእናንተ ፓስተሮች ሰው ግደሉ ነው እንዴ የሚሉት?› አላቸው። የሳቀም ነበር። እሳቸው ሰፌዱን አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቡና ስንጠራቸው አሞኛል ይላሉ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ አሜሪካ ለምን አላሰረችውም፣ እኛ አገር ቢሆን ይታሰር ነበር፣ ለፖሊስ እናመልክት፣ ቻናሉም ይዘጋ ይላል። እውነቱ የቱ ነው? ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ ከቪዲዮው ልጀምር። ምስሉም ድምፁም እውነተኛ ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን ሁለት ውሸት አለበት። «ትናንት» የሚለው ውሸት ነው። «እግዚአብሔር ብሎኛል» የሚለውም ውሸት ነው።

ሰውየው ፓት ሮበርትሰን ይባላል። ይህን የተናገረው ነሐሴ 16 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር የምርጫ 97 ውዝግብ የጦፈበት ክረምት ማለት ነው። ይገደል ያለው የቬንዙዌላውን ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝን ነው። ቻቬዝ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ልትገድለኝ ታስባለች ይል ነበር። ሮበርትሰን ይህን አንሥቶ፣ እንዲህ ካሰበማ ብናደርገው ይሻላል፣ ጦርነት ከመክፈት በብዙ ይረክሳል፣ ነዳጁም የሚቋረጥ አይመስለኝም የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ቻቬዝ በ2005 ዓ.ም. በካንሰር ሞተ። ሮበርትሰንም ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ አረፈ። ግሩፓችሁ የታመሰው ሁለቱም መቃብር ከገቡ በኋላ ነው።

በዚያ ንግግሩ ውስጥ ራእይ አየሁ ወይም ድምፅ ሰማሁ አላለም። የተናገረው እንደ ፖለቲካ ተንታኝ ነው። ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጦርነት ወጪ፣ ስለ ኮሚኒዝም እያወራ ነው «ብናደርገው ይሻላል» ያለው። ይህን የማነሣው ሰውየውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። የሰው ነፍስ በሒሳብ ርካሽና ውድ ብሎ መተመን በማንም አፍ ቢሆን ነውር ነው። ግን አማርኛውን የጻፈው ሰው የአንድን ሰው ጥፋት ወስዶ የአንድ እምነት ጥፋት አደረገው። ጎረቤታችሁን ሰፌድ ያስጣላቸው የሮበርትሰን ንግግር አይደለም፤ ይቺ የተጨመረችው ዓረፍተ ነገር ናት።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ምስሉ ወደ ካሬ የተጠጋ ነው። ግራና ቀኙ በጥቁር ተሞልቷል። ይህ የድሮ ቴሌቪዥን ቅርጽ ነው፤ ዛሬ የሚቀረጽ ፕሮግራም እንዲህ ጠባብ ሆኖ አይመጣም። ቢጫው የአማርኛ ጽሑፍ ያረፈው ደግሞ የፕሮግራሙ ስም በሚወጣበት በታችኛው ጥግ ላይ ነው። ሰውየው ዓረፍተ ነገሩን እንደጨረሰ ምስሉ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ነገር ስልኬ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እነዚህን ሦስቱን ነው፦ የምስሉን ቅርጽ፣ በምን እንደተሸፈነ፣ የት ላይ እንደተቆረጠ።

ከተቆረጠው በኋላ የሆነውን ብታዩት ኖሮ የቅሬያችሁ ጨዋታ ሌላ ይሆን ነበር። በማግስቱ ቁጣው ከየአቅጣጫው መጣ። የቬንዙዌላ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆሴ ቪሴንቴ ራንሄል ንግግሩን ወንጀል ብለው፣ አሜሪካ ሽብርን እዋጋለሁ የምትለው ከልቧ ከሆነ አሁን እናያለን አሉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ንግግሩ ተገቢ አይደለም ብሎ ራሱን አራቀ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም፣ ሕግም ይከለክለዋል፣ ተናጋሪው የግል ዜጋ ነው አሉ። የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበሩት ቄስ ጄሲ ጃክሰን የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲመረምረው ጠየቁ። ወሩ ሳያልቅም እስከ ካራካስ ሄደው ቻቬዝን አነጋገሩ።

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን የራሱ ወገኖች ያሉትን ነው። የባፕቲስትና የሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታዋቂ መሪዎች ስም እየጠሩ ተቃወሙት። ይህ የክርስቶስ ትምህርት አይደለም፣ አሳፍረኸናል፣ ቃልህን መልስ አሉት። ነሐሴ 18 ቀን ሮበርትሰን መጀመሪያ ለማስተባበል ሞከረ። «አስወግዱት» ማለቴ ነው፣ ማስወገድ ደግሞ ማፈንም ሊሆን ይችላል አለ። ቴፑ ስላለ ማስተባበሉ አልሠራለትም። በዚያው ቀን በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይገደል ብሎ መጥራት ትክክል እንዳልሆነም አመነ። ከንግግሩ እስከ ይቅርታው ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሙጋድ የደረሰው ግን ንግግሩ ብቻ ነው። ይቅርታው አልደረሰም።

የባለቤትዎ ወንድም አሜሪካ ለምን አላሰረችውም ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ መልሱም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ብራንደንበርግ በሚባል መዝገብ ላይ አንድ መስፈርት አስቀምጧል። ከሳሹ የኦሃዮ ግዛት ነበር፤ ተከሳሹ ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን መሪ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ኃይል ተጠቀሙ ብሎ መስበክ ብቻውን አያስቀጣም። የሚያስቀጣው ንግግሩ ወዲያውኑ፣ እዚያው በዚያው ሕገ ወጥ ድርጊት እንዲፈጸም የታለመ ሲሆንና ድርጊቱም የመከተሉ ነገር የማይቀር ሲመስል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ ካራካስ ስላለ ፕሬዚዳንት ማውራት በዚህ ወንፊት ያልፋል። የብሮድካስት ተቆጣጣሪውም ቢሆን የፕሮግራም ይዘት ሳንሱር እንዳያደርግ በሕግ ታስሯል።

ከዚህ ተነሥቶ «አሜሪካ ፈቀደችለት» ማለት ግን ስሕተት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች የፖለቲካ ግድያ እንዳይፈጽሙ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተከልክለዋል። ራምስፌልድ ሕግ ይከለክለዋል ያሉት ይህንኑ ነው። ሕጋቸው ተናጋሪውን ይተዋል፤ ግድያውን አይተውም።

ሰውን እንዲህ የሚያናግረው ምንድን ነው? ይህንን በቅጡ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እኛም ሳሎን ውስጥ ያሉ ቻናሎች በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። የሮበርትሰን ፕሮግራም «ሰባት መቶ ክለብ» ይባላል። ስሙ የመጣው ከገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጣቢያው ለመክሰር ሲቃረብ በየወሩ 10 ዶላር የሚሰጡ 700 ተመልካቾችን ለመነ። በወር 7,000 ዶላር ማለት ነው። ያ ልመና ተሳካ፣ ጣቢያውም ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ የሰባኪው ደመወዝ ከፋይ ሲኖዶስ ወይም ጉባኤ አይደለም። ተመልካቹ ነው። ተመልካች ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው ሲፈራ፣ ሲቆጣና ሲነካ ነው። ለዘብ ያለ ስብከት ሰው ያንጻል እንጂ ስልክ አያስደውልም።

ሁለተኛው ነገር የፕሮግራሙ አሠራር ነው። መጀመሪያ ዜና ይነበባል። ቀጥሎ ሰባኪው በዚያው ወንበር ላይ ሆኖ በዜናው ላይ አስተያየት ይሰጣል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ለታመመ ይጸልያል። ስቱዲዮው አንድ፣ ልብሱ አንድ፣ ድምፁ አንድ ነው። ፖለቲካው የት አልቆ ጸሎቱ የት እንደጀመረ ተመልካቹ በምን ይለየው? ከቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቢሆን ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አይሆንም የሚል ጳጳስ ወይም ጉባኤ ነበር። የጣቢያው ባለቤት ራሱ ሰባኪው ሲሆን ግን «ይህንን ዛሬ አታቅርበው» የሚለው የለም። በዚያ ላይ ሮበርትሰን ፖለቲከኛም ነበር። አባቱ ሴናተር ነበሩ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1988 ለፕሬዚዳንትነት የሪፐብሊካን እጩ ለመሆን ተወዳድሮ በአዮዋ ምርጫ ጆርጅ ቡሽን፣ አባትየውን ማለቴ ነው፣ አስከትሎ ሁለተኛ ወጥቷል።

ቻናሉ ይዘጋ ለሚለው ሐሳብ አንድ የሚያስተምር ነገር እዚህ አለ። ንግግሩ በወጣበት ጊዜ ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው አንዱ ትልቅ የኬብል ቻናል የዲዝኒ ንብረት ነበር። ቻናሉን መጀመሪያ ያቋቋመው የሮበርትሰን ድርጅት ሲሆን፣ ሲሸጠው ፕሮግራሜ ከዚህ አይወርድም የሚል ውል አስገብቶ ነበር። ስለዚህ ቁጣው ሲመጣ ዲዝኒ እንኳን ሊያወርደው አልቻለም። ፕሮግራሙን የምናሳየው በውል ተገድደን ነው፣ በይዘቱ ላይ እጃችን የለበትም ብሎ መግለጫ ከማውጣት በቀር ምንም አላደረገም።

ታዲያ የሕዝብ ቁጣ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሁለት ገጠመኞች ላንሣ። በ1998 ዓ.ም. ገና ሰሞን የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አሪየል ሻሮን በስትሮክ ወደቁ። ሮበርትሰን ምድሪቱን ስለከፋፈሉ የመጣ የእግዚአብሔር ቅጣት ነው የሚል ነገር ተናገረ። በዚያን ጊዜ በገሊላ ትልቅ የክርስቲያን ማእከል ለመሥራት ከእስራኤል ጋር እየተነጋገረ ነበር። የእስራኤል ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዚህ ሰው ጋር ውል አንፈራረምም አለ። በሳምንቱ ለሻሮን ልጅ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በፊት፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ቻርልስ ኮግሊን የሚባሉ የዲትሮይት ካቶሊክ ቄስ በሬዲዮ በሚሊዮን የሚቆጠር አድማጭ ነበራቸው። በኋላ በአይሁዶች ላይ ጥላቻ ሲዘሩ ጣቢያዎቹ ተስማምተው የአየር ሰዓት ከለከሏቸው። በመጨረሻ አፋቸውን የዘጋቸው የገዛ ጳጳሳቸው ትእዛዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942። በሁለቱም ጊዜ ሥራውን የሠሩት ሰባኪውን የሚያውቁት፣ ከእሱ ጋር የሚዋዋሉትና በእምነት የበላዩ የሆኑት ናቸው። መንገድ ላይ ጎረቤቱን የሰደበ ሰው ምንም አልለወጠም።

ይህም ቢሆን ልክ አለው። ቁጣ ይቅርታ ያስጠይቃል እንጂ ጸባይ አይለውጥም። ሮበርትሰን ከቻቬዝ በፊትም አጥፍቷል። የኒውዮርክ ሕንፃዎች በ1994 እንቁጣጣሽ ዕለት በተመቱ በሁለተኛው ቀን ጄሪ ፎልዌል የሚባል ሌላ ሰባኪ በዚሁ ፕሮግራም ቀርቦ ጥፋቱን በገዛ አገሩ ሰዎች ላይ ሲያላክክ ሮበርትሰን ተስማምቶለታል። ፎልዌልም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ከቻቬዝ በኋላም አጥፍቷል። በጥር 2002 ዓ.ም. ሄይቲ በምድር መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ በማግስቱ ሮበርትሰን ሄይቲዎች ከፈረንሳይ ነጻ ለመውጣት ከሰይጣን ጋር ተዋውለው ነበር፣ መከራቸው ከዚያ ነው አለ። ሰው ገና ከፍርስራሽ ሥር እየጮኸ ነበር።

በዚያን ቀን ከተሰጡት መልሶች ሁሉ እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር የማነሣው በዋሽንግተን የሄይቲ አምባሳደር የነበሩትን የሬይሞንድ ጆሴፍን ነው። አገራቸው ፈርሳ፣ ዘመድ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቴሌቪዥን ላይ ቀረቡ። አልተሳደቡም። ታሪክ ተናገሩ። ባሪያ የነበሩት ሄይቲዎች ፈረንሳይን ስላሸነፉ ናፖሊዮን የሉዊዚያናን ግዛት ለአሜሪካ ሸጠ፤ እናንተ ውል የምትሉት ነገር ለአሜሪካም ምን እንዳስገኘ እወቁ አሉ። በደቂቃዎች ውስጥ አድማጩ ስለ ሰይጣን ማሰብ ትቶ ስለ ሄይቲ ታሪክ ማሰብ ጀመረ። ለክፉ ንግግር የሚሰጥ መልስ እንዲህ ሲሆን ይጠቅማል። እውነቱን ይዞ ይመጣል፣ የተጎዳውን ያቆማል፣ የሰባኪውን ቃል ደግሞ አያስተጋባም።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። «እኛ ጋ ቢሆን ይታሰር ነበር» የሚለው በከፊል ልክ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 የመናገር ነጻነትን ይሰጣል፤ እዚያው ላይ የጦርነት ቅስቀሳና የሰውን ክብር የሚነካ ንግግር በሕግ እንደሚከለከል ይናገራል። የወንጀል ሕጋችንም ሰው ወንጀል እንዲፈጽም በአደባባይ መቀስቀስን ይቀጣል። ስለዚህ የአሜሪካው ወንፊት እኛ ጋ የለም። ሰው ግን ወዲያው የሚጠራው የጥላቻ ንግግሩን አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012ን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዋጁ የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት የሚታወቅን ሰው ወይም ቡድን ለይቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልኦን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግር ነው። አንድን ፕሬዚዳንት በፖለቲካው ምክንያት ይገደል ማለት አስጸያፊ ነው፣ በሌላ ሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ትርጉም ሥር ግን በቀላሉ አይገባም። የሃይማኖት ትምህርት አካል የሆነ ንግግርንም አዋጁ ለብቻው ያስቀረዋል። ይህ ግን በሃይማኖት ስም ጥላቻ ለመዝራት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

በአዋጁ የጥላቻ ንግግር ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። በንግግሩ ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥቃት ከተፈጸመ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል። አሰራጩ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ወይም በብሮድካስት ካደረገው ቅጣቱ ከፍ ይላል። ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ ግን እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም። ፎርዋርድ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ ለብዙ ሰው ማድረስ ነውና።

አሁን ከዚህ ሁሉ ለእናንተ ጉዳይ የሚመለከታችሁ የትኛው ነው? ሮበርትሰን አይደለም፤ ሞቷል። የአማርኛውን ጽሑፍ የለጠፈው ሰው ነው። ውሸት መሆኑን እያወቀ፣ ሰውን ሊያጋጭ እንደሚችልም እያወቀ ጽፎት ከሆነ በሐሰተኛ መረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ግሩፓችሁ ላይ የጣለው ልጅ ግን ከሌላ ቦታ አግኝቶ እውነት መስሎት ሊሆን ይችላል። ለቅሶ ቤት የተናገረው ወጣትም ባለጌ ነገር ተናገረ እንጂ ወንጀል አልሠራም። ለፖሊስ አታመልክቱ። ፖሊስ ጣቢያ የገባ የቅሬ ጠብ ተመልሶ ቅሬ ውስጥ አይበርድም። የምትመልሱትን ሰው ትታችሁ ምስክር ፍለጋ ትሮጣላችሁ።

አንድ ሁኔታ ብቻ ይህንን ምክሬን ይለውጠዋል። ግሩፑ ላይ የአንድን ሰው ስም፣ ቤት ወይም ቤተ እምነት ጠርቶ ይመታ፣ ይቃጠል፣ ከሰፈር ይውጣ የሚል ነገር ከተጻፈ አንድ ቀን አትጠብቁ። የላኪው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሡ። አትሰርዙት፣ ለሌላ ሰው አትላኩት። በዚያው ዕለት ለፖሊስ አሳውቁ። ደሴ ላይ «ይገደል» ቀላል ቃል አይደለም። በጥቅምት 2014 ጦርነት የገባበት ከተማ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከስልክ ወደ በር እስኪደርስ አይጠበቅም።

ቻናል ስለማዘጋቱ ደግሞ፣ ያያችሁት ቻናል አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ከተላለፈ ፕሮግራም የተቆረጠ ቅንጣቢ ነው፤ የሚዘጋ ነገር የለውም። ወደፊት በአገር ውስጥ ፈቃድ ያለው ጣቢያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብትሰሙ አቤቱታ የሚቀበለው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። የጣቢያውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከንግግሩ በፊትና በኋላ ያለውን ጨምሮ ያዙ። «አንድ ፓስተር እንዲህ አለ» የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም። ከውጭ አገር በሳተላይት የሚተላለፍ ከሆነ የባለሥልጣኑ እጅ አጭር ነው። ያኔ ያላችሁ መፍትሔ የራሳችሁ ሪሲቨር ነው፤ ቻናሉን ማጥፋት ወይም መቆለፍ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ። በእኔ እምነት የደብዳቤዎ ዋናው ጉዳይ እሳቸው ናቸው።

ፕሮቴስታንት የሚባለው አንድ ቤት አይደለም። በላዩ አንድ ጳጳስ ተቀምጦ ሁሉንም አያዝም። ሮበርትሰን የባፕቲስት ሰው ነበር፤ ገንዘቡም ጣቢያውም የራሱ። መካነ ኢየሱስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የራሷ ሲኖዶሶች፣ የራሷ መሪ አሏት። ሮበርትሰን በእሷ ላይ ቃል አልነበረውም፣ እሷም ሮበርትሰንን አልላከችም። ይህ ብቻ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገድለዋል። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። ፖለቲካ «ይወገድ» ብሎ የፈረደባቸውን ሰዎች ያለቀሰች ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው፣ ንፍሮ ይዘው ቆመው «ግደሉ ነው የምትሉት?» የተባሉት።

ከሁለት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። አንዱ ስልኩን ወደ አስተናጋጁ አዞረ። ስልኩ ላይ ከሩቅ አገር ያሉ አንድ ሼኽ በቁጣ ይናገራሉ። «አንተ ምን ትላለህ?» አለው። ልጁ ሙስሊም ነው። ስድስት ብርጭቆ በትሪ ይዞ ቆሟል። ፊቱ ቀላ። ትሪው ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ሲነካኩ እሰማ ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንገታቸው ላይ ማዕተብ ያሰሩ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው የሰውየውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ደፉት። «ልጁ ሻይ ነው የሚቀዳው፤ ፈትዋ አይሰጥም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «ለእኔ ስኳር አታብዛ» አሉት። አለቀ። ልጁ ሻዩን ቀዳ።

የምመክራችሁን አዛውንቱ አድርገውታል። ጎረቤታችሁ ሮበርትሰንን እንዲያወግዙ አትጠይቋቸው። «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» እንዲሉም አታድርጓቸው። ሰው ያልሠራውን ጥፋት እንዲያስተባብል ከተጠየቀ ቀድሞ ተከስሷል ማለት ነው። ወሎ ይህንን ያውቀዋል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ሲያርድ፣ ሙስሊም ጎረቤቱን «መልስ ስጠኝ» ብሎ ማፋጠጥ ነውር እንደሆነ የሚነግረን ሰው አላስፈለገንም፤ ሙስሊሙ ድንኳን ውስጥ አብሮ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። አንድ ቅሬ፣ አንድ ድንኳን ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ያንን ቪዲዮ የጣለው ልጅ ራሱ ያጥፋው። በቦታው አንድ አጭር ነገር ይጻፍ፦ ንግግሩ የ1997 ነው፣ ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቋል፣ «እግዚአብሔር ብሎኛል» የሚለው የተጨመረ ነው። ቪዲዮውን እንደገና አታያይዙት። «ውሸት ነው» ብሎ ድጋሚ መለጠፍም ማሰራጨት ነው። ክርክር ከተነሣ የግሩፑ አድሚን ለአንድ ቀን ይዝጋው።

ቀጥሎ የቅሬያችሁን ዳኛ አናግሩ። ስድቡ የተነገረው በሰው ፊት ስለሆነ መልሱም በሰው ፊት መሆን አለበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ወይም ለቅሶ ላይ ዳኛው በራሳቸው ቃል ይናገሩ። በቅሬያችን ሰው በሃይማኖቱ አይፈተሽም ይበሉ። የጎረቤታችሁን ስም አይጥሩ፣ ቁሙ አይበሏቸው። ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል።

እርስዎ ግን ስብሰባውን አይጠብቁ። አሞኛል ያሉትን ሰው ሄዶ መጠየቅ ነው። እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። ብቻዎን ይሂዱ፤ ከሦስትና ከአራት ሰው ጋር ከሄዱ ሽምግልና ይመስላል፣ ይጨነቃሉ። ቡናውን ይዘው ይሂዱና እዚያው ይቁሉት። ቪዲዮውን እርስዎ አያንሡ። እሳቸው ካነሡት ሰውየው ማን እንደነበረ፣ መቼ እንደተናገረና የራሱ ወገኖች ምን እንዳሉት ይንገሯቸው። ወጣቱ ደግሞ በሌላ ቀን ለብቻው ይሂድ። ይቅርታውን ቴሌግራም ላይ አይጻፍ። በራቸውን አንኳኩቶ፣ ገብቶ ይጠይቅ።